ስለ ፅንስ የሚወጣውን ሕግ ማን ይወስን?

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረታችን የሚነገረው፣ ነገሩን ያልቀመሰ ሰው የቀመሰውን ሊያስተምር በተነሣ ጊዜ ነው። ስለ ፅንስ ማቋረጥ በልዩ ልዩ አገር የወጡትን ሕጎች ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ይህ ተረት ከሐሳቤ አይለይም። ሕጉን የጻፉት፣ ያጸደቁት፣ የፈረዱበትም ሰዎች በብዛት ምጥን በጆሮ እንጂ በአካል የማያውቁ ነበሩና። እኔም ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ከነዚያው ከማያውቁት አንዱ መሆኔን ሳልዘነጋ ነው።

አንባቢ እንዳይሳሳት አስቀድሜ አንድ ነገር ልግለጽ። ፅንስ ማቋረጥ ኀጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የሃይማኖት አባቶችና የእያንዳንዱ ሰው ሕሊና ጥያቄ ስለ ሆነ፣ በዚህ ገጽ ልፈታው አልነሣም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ማን እንደሚታሰርና ማን እንደማይታሰር የሚለየውን የወንጀል ሕግ ሊወስን የሚገባው ማን ነው? የአገር መሪ ነውን? ዳኛ ነውን? ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ነውን? ወይስ የሕዝብ እንደራሴ? ታሪክ አራቱንም ሞክሯቸዋልና ምስክርነቱን በየተራ እንስማ። የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን ግን በራሳችን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ከአራቱ በፊት ግን የቤተ ክርስቲያን አባቶች በዚህ ነገር ደንግገው ነበር። በ314 በዕንቆራ፣ ይኸውም ዛሬ አንካራ በምትባለው ከተማ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት፣ በዝሙት የፀነሱትን ስለሚያጠፉ ሴቶች በወሰኑት ቀኖና፣ የቀደመው ሥርዓት እነዚህን ሴቶች እስከ ዕለተ ሞት ከቍርባን ይከለክላቸው እንደ ነበር አስታውሰው፣ እነርሱ ግን ቅጣቱን አቅልለው የ10 ዓመት ንስሓ አደረጉት። በዚያው ምዕት ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ድርጊቱን እንደ ነፍስ መግደል ቈጥሮ አጥብቆ ሲነቅፍ፣ ንስሓው 10 ዓመት እንዲሆንና ከዘመኑ ርዝመት ይልቅ በጸጸቱ ዓይነት እንዲመዘን ጻፈ። በእነዚህ አባቶች ዘንድ ሁለት ነገር አብሮ ይታያል፤ ድርጊቱን መንቀፍ፣ ለሴቲቱም የመመለሻ በር ክፍት ማድረግ። መሣሪያቸው ንስሓ እንጂ ወህኒ አልነበረም። ጉዳዩ በመንግሥት እጅ የገባ ጊዜ ግን መሣሪያው ተለወጠ።

የመንግሥት እጅ ብቻውን ሲወስን ምን እንደሚሆን ለማወቅ ወደ ሩማንያ መመልከት ይበቃል። በዚያች አገር በ1957 የወጣው ሕግ ፅንስ ማቋረጥን ፈቅዶ ነበር። በ1966 በጥቅምት ወር ግን የኒኮላይ ቻውሼስኩ መንግሥት የሕዝቡን ቍጥር ለማብዛትና ለፋብሪካው ሠራተኛ ለማግኘት ሲል፣ ቍጥር 770 የተባለውን ድንጋጌ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች፣ አራት ልጆች ላሏት፣ ሕይወቷ ለሚያሠጋና ተገድዳ ለተደፈረች፣ እነዚህንም ለመሳሰሉ ጥቂቶች ካልሆነ በቀር ፅንስ ማቋረጥ ወንጀል ሆነ። ድንጋጌው ሲወጣ ሕዝብ አልተጠየቀም፤ ያገር ሴቶችም ነገሩን የሰሙት እንደ ማንኛውም ትእዛዝ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት መሪው ያሰበው የተፈጸመ መሰለ። በ1966 ወደ 273 ሺህ ገደማ የነበሩት ውልደቶች በ1967 ወደ 527 ሺህ ከፍ አሉ። ዳሩ ግን ይህ ብዙ አልቈየም፤ ሴቶቹ በስውር የሚያቋርጡበትን መንገድ እየፈለጉ በሄዱ መጠን ቍጥሩ ዓመት በዓመት እየወረደ መጣ። መንግሥትም በዚህ ተቈጥቶ ቍጥጥሩን አጠበቀ። በ1980ዎቹ ውስጥ ሴቶች ሠራተኞች በየፋብሪካቸው የማሕፀን ምርመራ እንዲደረግላቸው ታዘዘ፤ ልጅ ያልወለዱትም ልዩ ግብር ይከፍሉ ነበር። የዚህ ሁሉ ፍጻሜ ምን ሆነ? በ1989 ከ100 ሺህ ውልደት 170 ያህል እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በአውሮፓ ይህን ያህል የሞት ቍጥር ያለው ሌላ አገር አልነበረም። ከሟቾቹም የሚበዙት የሞቱት በስውር በተደረገ ፅንስ ማቋረጥ ነው። በሃያ ሦስቱ ዓመታት ውስጥ በዚህ ምክንያት የሞቱት ሴቶች 10 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። በየሕፃናት ማሳደጊያው የተጣሉት ልጆችም ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። ቻውሼስኩ በታኅሣሥ 25 ቀን 1989 በጥይት ተደብድቦ በሞተ ማግስት አዲሱ መንግሥት ድንጋጌውን ሻረው፤ በሚቀጥለውም ዓመት የእናቶች ሞት በግማሽ ያህል ወረደ።

ይህ ለከልካዩ ብቻ የተነገረ ትምህርት እንዳይመስል፣ ያው እጅ በቻይና ተገልብጦ እንደ ሠራ ማስታወስ ይገባል። በዚያ ደግሞ ከ1980 ገደማ ጀምሮ እስከ 2015 አንድ ልጅ ብቻ እንዲወለድ በሚያዘው ደንብ ምክንያት፣ መውለድ የፈለጉ ብዙ ሴቶች ፅንሳቸውን እንዲያቋርጡ ተገደዱ። አንዱ መንግሥት «ውለጂ» አለ፤ ሌላው «አትውለጂ» አለ። ሁለቱም ሴቲቱን የቍጥር መዝገብ አድርገው መመልከታቸው ግን አንድ ነው።

ዳኞች ሲወስኑስ? በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች አሉ። በጥር 1973 በ7 ድምፅ ለ2፣ ሴት ፅንስ የማቋረጥ መብቷ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው ብለው ፈረዱ፤ በዚህም የብዙ ክፍለ ግዛቶች ሕግ ባንድ ቀን ወደቀ። ከ49 ዓመት በኋላ በሰኔ 2022 በዚያው ወንበር የተቀመጡ ሌሎች ዳኞች፣ አምስቱ ተስማምተው፣ ያንን ፍርድ ሽረው ጉዳዩን ለየክፍለ ግዛቱ መለሱት። ዳኛ ነገርን ይመረምራል፣ ምክንያቱንም ጽፎ ያስቀምጣል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የአንድ ትልቅ አገር ሕግ በጥቂት ሰዎች ዕድሜና ሹመት ላይ ሲንጠለጠል፣ ወንበሩ በተለወጠ ጊዜ ሕጉም ይለወጣል። የተሸነፈውም ወገን «ማንም ሳይጠይቀኝ ተፈረደብኝ» እያለ ግማሽ ምዕት ዓመት ሙሉ ቂሙን ይዞ ይኖራል። ሌላም ነገር ልብ እንበል። በ1973 ከዘጠኙ ዳኞች አንዲትም ሴት አልነበረችም፤ በ2022 ግን ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ባንድ ወገን፣ አንዷ በሌላው ወገን ፈረዱ። ስለዚህ ሴት በወንበር መቀመጧ ተገቢ ቢሆንም፣ ነገሩን ብቻውን አይፈታውም።

እንግዲህ ሕዝቡ ራሱ ይወስን የሚሉ አሉ፤ ለዚህ ከአየርላንድ የተሻለ ምስክር የለም። አየርላንድ ፅንስ ማቋረጥን የምትከለክለው በ1861 የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ ነበር። በ1983 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ፣ ከመራጩ 66.9 በመቶ ተስማምቶ፣ ያልተወለደው ልጅ ሕይወት ከእናቱ ሕይወት ጋራ እኩል ይጠበቅ የሚል ቃል በሕገ መንግሥቱ ጨመረ። ቃሉ ለጆሮ መልካም ነው። ነገር ግን ቃሉ በአንዲት ሴት አካል ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አልተጻፈም ነበር።

በ1992 አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ተደፍራ ፀነሰች። ወላጆቿ ወደ እንግሊዝ አገር ሊወስዷት ሲነሡ፣ የመንግሥቱ ዐቃቤ ሕግ ከፍርድ ቤት እገዳ አወጣባት። ልጂቱ ራሷን ልትገድል እንደምትችል ስለ ታወቀ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስተኋላ እገዳውን አነሣ። አገሩ በዚህ ተናወጠ፤ ዳሩ ግን ፓርላማው ፍርዱን በሕግ አንቀጽ ሳይተረጕም ከ20 ዓመት በላይ ቈየ። በ2012 በጥቅምት ወር አንዲት ከሕንድ የመጣች የጥርስ ሐኪም በ17ኛው ሳምንት ፅንሷ ሊወርድ ጀምሮ ሆስፒታል ገባች። ፅንሱ እንደማይተርፍ ታውቆ እንዲቋረጥላት ብትለምን፣ የፅንሱ ልብ ገና ይመታል ተብሎ ተከለከለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ደሟ ተመርዞ ሞተች። በነዚያም ዓመታት ሁሉ በሺህ የሚቈጠሩ የአየርላንድ ሴቶች በያመቱ ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ ይሄዱ ነበር። ሕጉ ፅንስ ማቋረጥን አላስቀረም፤ የመርከብና የአውሮፕላን ዋጋ ያላትን ከሌላት ለየ እንጂ።

በመጨረሻ አየርላንዳውያን ያደረጉት ነገር ልዩ ትኵረት ይገባዋል። በ2016 መንግሥት 99 ተራ ዜጎችን በዕጣ አስመርጦ፣ በአንዲት ዳኛ ሊቀመንበርነት በጉባኤ ሰበሰባቸው። እነዚህ ሰዎች በአምስት የሳምንት መጨረሻዎች ሐኪሞችን፣ የሕግ ዐዋቂዎችን፣ የሁለቱን ወገን ተከራካሪዎች፣ ነገሩ የደረሰባቸውንም ሴቶች ቃል ሰሙ፤ ከዚያ በኋላ ብያኔያቸውን ለፓርላማው አቀረቡ። በግንቦት 25 ቀን 2018 ሕዝቡ እንደ ገና ድምፅ ሲሰጥ፣ 66.4 በመቶ የ1983ቱን ቃል ሻረው። እነሆ፣ በ35 ዓመት ልዩነት ያው ሕዝብ፣ በዚያው የድምፅ ሣጥን፣ በተቀራረበ ብልጫ፣ ተቃራኒውን ወሰነ። ታዲያ የተለወጠው ምንድር ነው? ትውልዱ ተለውጧል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱም ኀይል ቀንሷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በመጀመሪያው ጊዜ ሕዝቡ የተጠየቀው ስለ አንድ ሐሳብ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ስለ ሰዎች ነበር።

አራተኛው የእንደራሴዎች መንገድ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1967 ዴቪድ ስቲል የተባለ ወጣት የፓርላማ አባል ያቀረበው ሕግ፣ የየፓርቲው ትእዛዝ ሳይከተል እያንዳንዱ አባል እንደ ሕሊናው ድምፅ ሰጥቶበት ጸደቀ። ሕጉ ሁለት ሐኪሞች ተስማምተው ሲፈርሙ ፅንስ እንዲቋረጥ የፈቀደ ነበር። ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ነገር፣ የእኛም አገር ሕግ ከእንግሊዙ አሥር ዓመት ቀድሞ ሁለት ሐኪሞችን መጥራቱ ነው።

በ1949 ዓ.ም. ሐምሌ 16 ቀን የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ የተዘጋጀው ዣን ግራቨን በተባሉ የስዊስ አገር የሕግ ሊቅ ነው። ሕጉ ፅንስ ማስወረድ በማናቸውም ጊዜ ቢሆን ያስቀጣል ይላል፤ ራሷ ያስወረደችውም ሴት ከሦስት ወር እስከ አምስት ዓመት ትታሰር ነበር። ተገድዳ ተደፍራ፣ ወይም በከፋ ድኽነት ምክንያት ያደረገችው እንደ ሆነ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልላት ይችላል፤ ከወንጀሉ ግን አትነጻም። የማትቀጣው በሕይወቷ ወይም በጤናዋ ላይ የደረሰው ከባድ አደጋ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይቻል ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህም በሐኪም ጽሑፍና በሁለተኛ ሐኪም ስምምነት መረጋገጥ ነበረበት።

ይህ አንቀጽ ለጄኔቫ ከተማ መልካም ነበር። በኢትዮጵያ ግን ሕጉ ሲታወጅ ሐኪም የሚያሠለጥን አንድም ፋኩልቲ አልነበረም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን ማስተማር ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ደግሞ ከሕጉ በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ነው። በጋይንት ወይም በቦረና ላለች ሴት ሁለት ሐኪም አምጪ ማለት ከጨረቃ ውሃ ቅጂ ከማለት አይለይም ነበር። ሕጉን ካጸደቁትም መካከል ይህን የሚነግራቸው ሴት እንደራሴ አልነበረችም። በሕዝብ ምርጫ ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለመግባት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የተመረጡት ሕጉ ከታወጀ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. መስከረም ነው። ግራቨን ትልቅ ሊቅ ነበሩ፤ ሥራቸውንም አላቃልልም። ነገር ግን ሊቅነት የማያውቁትን ቤት በር አይከፍትም።

ያ ሕግ ወደ 47 ዓመት ያህል ጸና። ሁለት መንግሥታት ወደቁ፣ ሕገ መንግሥት ተለወጠ፤ አንቀጹ ግን እንደ ነበረ ቈየ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስባቸው ጉዳት ለመጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚያ በኋላ የወንጀሉ ሕግ ሲሻሻል ክርክሩ በአደባባይ ወጣ። የማሕፀን ሐኪሞች በየሆስፒታላቸው የሚያዩትን ይዘው መጡ፤ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ተናገሩ፤ ሕጉ እንዳይላላ የሚሹ ሃይማኖተኞችም ድምፃቸውን አሰሙ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ ለአንዱም ወገን ሙሉ ድል አልሰጠም። ፅንስ ማቋረጥ አሁንም በመሠረቱ ወንጀል ነው። ነገር ግን በ551ኛው አንቀጽ መሠረት ፅንሱ ከመደፈር ወይም ከዘመድ ጋራ ከተደረገ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና የሚያሠጋ ሲሆን፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ያለው ሲሆን፣ ወይም ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት፣ አለዚያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን፣ በታወቀ የሕክምና ተቋም ቢቋረጥ አያስቀጣም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የሚቀጥለው አንቀጽ ነው። በመደፈር የፀነሰች ሴት ይህንኑ ለማስረዳት የራሷ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። በ1949ኙ ሕግ ሁለት ሐኪም ካልመሰከረላት የማትታመን ሴት፣ በ1997 በቃሏ ታመነች። ዝርዝሩንም ምክር ቤቱ ራሱ አልጻፈም፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መመሪያ እንዲያወጣ አዘዘ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ሴቲቱ የተናገረችው ዕድሜ እንዲመዘገብና ሌላ ማስረጃ እንዳትጠየቅ፣ አገልግሎቱም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲሰጥ፣ የሠለጠኑ ነርሶችና አዋላጆችም እንዲሠሩት ደነገገ። ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም የሚጠይቀው የ1949ኙ ስሕተት በዚህ ታረመ።

ፍሬውን በቍጥር እንመልከት። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100 ሺህ ውልደት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ይህ ቍጥር ወደ 412 ወርዷል። ለዚህ የጤና ኬላው፣ መንገዱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ድርሻ አላቸውና ለሕጉ ብቻ ልሰጠው አልችልም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ከተቋረጡት ፅንሶች በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተቋረጡት 27 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በ2014 ግን ወደ 53 በመቶ ደረሱ። ይህ ማለት ገና ግማሽ ያህሉ በጓዳ ይደረጉ ነበር ማለት ነው።

ስለዚያ ግማሽ ጥቂት ላውራ። በ2000 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከኋላዬ ወንበር ትቀመጥ የነበረች የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ሒሳብ ከሁላችን ትበልጥ ነበር፤ የቤት ሥራዋን ያልቀዳነው አልነበረንም። ከፋሲካ በኋላ አልተመለሰችም። «የሆድ ሕመም ነው» ተባልን፤ ቀብሯ ላይም ያንኑ ሰማን። እውነቱን የነገሩኝ እናቷ ናቸው፤ እኔ ሥራ ይዤ ወደ ሰፈሩ ስመለስ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። አንዲት ሴት የሰጠቻትን ነገር ጠጥታ፣ ሦስት ቀን ደም ፈስሷት፣ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ነርሷ በዕድሜዋ ምክንያት ሕጉ ይፈቅድላት እንደ ነበር የነገረቻቸው ልጂቱ ከሞተች በኋላ ነው። «ልጄ፣ ሕጉ ወጥቶ ነበር አሉኝ፤ እኛ ቤት ግን አልደረሰም» አሉኝ። ሕጉ ከጸና ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። እኛም በዚያ ዓመት በሥነ ዜጋ ትምህርት የምክር ቤቱን ሥልጣን በቃላችን አጥንተን ፈተና አልፈናል።

እንግዲህ ሐሳቤን ልሰብስብ። እኔ እንደሚመስለኝ የወንጀሉን ወሰን ሊወስን የሚገባው የሕዝብ እንደራሴ ነው፤ ያውም በአደባባይ ተከራክሮ፣ ነገሩ የሚደርስባቸውን ሴቶችና የሚያክሟቸውን ሰምቶ። መሪ በድንጋጌው ብቻውን ሲወስን ስሕተቱን የሚያርመው ሞቱ ብቻ እንደ ሆነ ሩማንያ መስክራለች። ዳኞች ሲወስኑ የወንበሩ መለወጥ ሕጉን ይለውጠዋል። የሕዝብ ድምፅ ክቡር ነው፤ ነገር ግን «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ስለሚል፣ በመካከል ላለችው ለ14 ዓመቷ ልጅ ቦታ አላገኘላትም። እንደራሴዎች ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ በ1949 ተሳስተዋልና። ነገር ግን ያልሰሙትን ሰምተው ያለ ደም ሊያርሙት ይቻላቸዋል። በወሰኑም ውስጥ የሕክምናው ሥራ የሐኪም፣ ውሳኔው ግን የሴቲቱ ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ ዐውቃለሁ። «የሚመለከተው ሁሉ ይሰማ ካልህ፣ በማንም ምክር ቤት ድምፅ የሌለው ፅንሱ ነው፤ ስለ እርሱ ማን ይናገራል?» የሚለኝ አንባቢ አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሕጉ ወሰን ይኑረው የምለውም ስለዚሁ ነው። ስለ ፅንሱ የሚናገሩም በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው መሰማት መብታቸው ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው፣ የእናቲቱን ቃል ዘግቶ የወጣ ሕግ ፅንሱንም ሲያድነው አላየሁም፤ ሁለቱን ባንድ መቃብር ሲያስገባ ግን አይቻለሁ። ሕጉ መፍቀዱም ማንንም አያስገድድም፤ ሃይማኖቷ የሚከለክላትን ሴት ከሃይማኖቷ አይለያትም።

ለመምህራንና እንደ እኔ በየቢሮው ለተቀመጡት የመንግሥት ሠራተኞች አንድ አደራ ብቻ ልጨምር። ሕጉን የሚወስነው እንደራሴው ነው ብያለሁ፤ ሕጉን ወደ ቤት የሚያደርሰው ግን እኛ ነን። መምህሩ በክፍሉ፣ ጸሐፊው በቀበሌው፣ ነርሷ በጤና ጣቢያው ካልተናገሩት፣ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው አንቀጽ ለዚያች ከኋላዬ ትቀመጥ ለነበረችው ልጅ እንዳልወጣ ይቈጠራል። ከሐሳቤ የማይስማማ አንባቢ ቢኖር፣ ምክንያቱን በዚሁ መጽሔት ቢጽፍበት በደስታ አነበዋለሁ።